ስለ ፖርታል አክስልና ስለ ሞላ አመራረጥ

(የኦቶ መካኒክ ክበብ አባሎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)



በዚህ በዓል እያንዳንዱ ክበብ ከሚማረው ነገር አንዱን መርጦ ለእንግዶች እንዲያስረዳ በተወሰነው መሠረት፣ እኛ የኦቶ መካኒክ ክበብ አባሎች ስለ ፖርታል አክስል ለመናገር ተነሥተናል። ስሙ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ እንደሚሆን እናውቃለን። ነገሩ ግን እንግዳ አይደለም። ወደ ገጠር የሚሄድ መኪና ሆዱ መሬት ነክቶ፣ ጎማዎቹ በከንቱ ሲሽከረከሩ ያላየ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለንም።

ይህን አርእስት የመረጥንበት ምክንያት አለን። ከመካከላችን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ ጋራዥ ይገባሉ። አንድ ቀን አንድ ባለመኪና መጥቶ «ልጆች፣ እስቲ ይህችን መኪና ከፍ አድርጉልኝ፤ መንገዱ አላስኬዳትም» ማለቱ የማይቀር ነው። ከፍ ማድረጉ ብዙ ቀን አይፈጅም። ነገር ግን ከፍ የተደረገችው መኪና በማግሥቱ ዐሥር ሰው ጭና፣ ከላይዋ ኩንታል ታስሮባት፣ በገደል አፋፍ ታልፋለች። ስለዚህ መፍቻ ከማንሣታችን በፊት የምናነሣው የቱን ክፍል እንደ ሆነ፣ ስናነሣውም ምን እንደሚከተል አጥርተን ልናውቅ ይገባናል።

ክረምት ሲገባ በመረሬ አፈር ላይ የሚያልፈውን መንገድ አስቡት። ከባዱ ካሚዮን አስቀድሞ ያልፍና በግራና በቀኝ ሁለት ቦይ ይቀድዳል፤ በመካከሉ ጉብታ ይቀራል። ካሚዮኑ ጎማው ትልቅ ስለ ሆነ ጉብታውን ሳይነካ ይሻገራል። በኋላ የምትመጣው ትንሽ መኪና ግን ጎማዎቿ ቦዩ ውስጥ ይገቡና መካከሏ በጉብታው ላይ ይቀመጣል። አስቀድሞ የሚቀመጠውም ሞተሯ ወይም ወለሏ አይደለም፤ በአክስሉ መካከል ያለው፣ ዲፈረንሻል የምንለው ድቡልቡል የብረት ቤት ነው።

ይህ ቤት ከአክስሉ ጋራ አንድ አካል ነው፤ አክስሉም በሁለት ጫፎቹ በጎማዎቹ እምብርት ላይ ያልቃል። ስለዚህ ከዲፈረንሻሉ ሥር ያለው ክፍት ቦታ የሚታወቀው ከጎማው ቁመት እኩሌታ ላይ ዲፈረንሻሉ ወደ ታች የሚወርደው ሲቀነስ ነው። ቁመቱ 80 ሳንቲሜትር የሆነ ጎማ እንውሰድ። እኩሌታው 40 ነው። ዲፈረንሻሉ ከእምብርቱ በታች 18 ሳንቲሜትር ቢወርድ የሚቀረው 22 ነው፤ ይህም ጎማው በጭነት የሚጨፈለቀውን ሳንቈጥር ነው። ጎማውን በ90 ብንለውጠው፣ 10 ሳንቲሜትር ጨምረን የምናተርፈው 5 ብቻ ይሆናል። 10 ለማትረፍ የ100 ሳንቲሜትር ጎማ ያስፈልገናል። እንዲህ ያለው ጎማ ደግሞ ከመከለያው ጋራ ይጋጫል፣ መሪውን ያከብዳል፣ ኀይልን ከዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚያደርሰውን ሴሚያስም ከዐቅሙ በላይ ያስጨንቀዋል።

ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ጎማም አይደለም። «ረዥም ሞላ አስገቡልኝ» ወይም «ባሌስትራ ጨምሩበት» ይላል። ይህ ሲደረግ መኪናይቱ በዐይን ስትታይ በእርግጥ ከፍ ትላለች። ነገር ግን ከፍ ያለው ሻንሲውና ከበላዩ ያለው ብቻ ነው፤ አክስሉና ዲፈረንሻሉ በነበሩበት ቀርተዋል። ጋቢ የለበሰ ሰው በጭቃ ሲሻገር ጋቢውን ወደ ላይ ቢሰበስብ ጋቢው ይድናል፤ እግሩ ግን ከጭቃ አይወጣም። የረዥም ሞላም ነገር ይኸው ነው።

ፖርታል አክስል የሚያነሣው ራሱን አክስሉን ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። በአክስሉ በሁለቱ ጫፎች ላይ አንዳንድ የማርሽ ሳጥን ይታሰራል። ሴሚያሱ በሳጥኑ የላይኛው ክፍል ይገባና አንዱን ማርሽ ያዞራል፤ ያ ማርሽ ከበታቹ ያለውን ሌላ ማርሽ ያዞራል፤ ጎማው የሚታሰረው በታችኛው ላይ ነው። እንግዲህ አክስሉ ከጎማው እምብርት በላይ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ከፊት ለፊት ሲታይ ሁለቱ ሳጥኖች እንደ መቃን፣ አክስሉ እንደ ጉበን ሆኖ የትልቅ በር ቅርጽ ይሠራል፤ ፖርታል ማለትም በፈረንጆች ቋንቋ እንዲህ ያለ ታላቅ በር ማለት ነው። በሁለቱ ማርሾች እምብርቶች መካከል ያለው ርቀት 10 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ጎማው ሳይለወጥ ዲፈረንሻሉ ሙሉ 10 ሳንቲሜትር ይነሣል።

ሌላም ጥቅም አለው። የታችኛው ማርሽ ጥርሱ የበዛ ከሆነ ጎማው ከሴሚያሱ ይልቅ በዝግታ፣ ነገር ግን በበለጠ ጕልበት ይዞራል። ጕልበቱ የሚጨምረው እጎማው ዘንድ ሲደርስ ስለ ሆነ ሴሚያሱና ዲፈረንሻሉ የሚሸከሙት ጭንቀት ያነሰ ነው፤ ቀጠን ብለውም ቢሠሩ ይችሉታል። ለምሳሌ የሳጥኑ ማርሽ አንድ ለ1.2 ቢሆንና ጎማውን ከ80 ወደ 96 ሳንቲሜትር ብናሳድግ፣ ሁለቱ ተጣጥተው መኪናይቱ እንደ ቀድሞው ፍጥነት ትሄዳለች፤ የፍጥነት መቍጠሪያውም አይሳሳትም።

ይህ ብልሃት የትናንት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሠራዊት የተጠቀመበት ኩበልቫገን በኋላ ጎማዎቹ ላይ እንዲህ ያለ ማርሽ ነበረው። ከጦርነቱ በኋላ፣ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1948፣ ጀርመኖች ኡኒሞግ የተባለውን መኪና መሥራት ጀመሩ። ኡኒሞግ በመጀመሪያ የታሰበው ለወታደር ሳይሆን ለገበሬ ነበር፤ የጎማዎቹም ርቀት የተለካው ሁለት የድንች መስመር በመካከላቸው እንዲያልፍ ተደርጎ ነው። በ1959 ደግሞ ኦስትሪያኖች ሃፍሊንገር የተባለችውን፣ ክብደቷ ከ600 ኪሎ ብዙም የማይበልጠውን ትንሽ የተራራ መኪና አወጡ።

ለትምህርት ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ግን የሩሲያ ሥራ የሆነችው፣ ባገራችን ዋዝ እየተባለች የምትጠራው መኪና ናት። 469 የተባለችው ዋዝ በሁለት ዓይነት ትሠራ ነበር፤ አንደኛዋ ለወታደር በፖርታል አክስል፣ ሁለተኛዋ ለሲቪል በተራ አክስል። ከመሬት ያላቸው ከፍታ ለሲቪሏ 22 ሳንቲሜትር፣ ለወታደሯ 30 ሳንቲሜትር ነበር። ሁለቱም በባሌስትራ ላይ የተቀመጡ ነበሩ። የ8 ሳንቲሜትሩ ልዩነት ከባሌስትራ የመጣ እንዳልሆነ ልብ በሉ።

እዚህ ላይ ተማሪዎችን የሚያስቅ አንድ ነገር እንጨምር። ሁለት ማርሾች እርስ በርሳቸው ሲነካኩ አንዱ ወደ ቀኝ ቢዞር ሌላው ወደ ግራ ይዞራል። ስለዚህ ሁለት ማርሽ ብቻ ያለው ፖርታል የጎማውን አዟዟር ይገለብጣል። ከ1950 እስከ 1967 የተሠራው የፎልክስዋገን ማመላለሻ ይህን የመሰለ ማርሽ ስለ ነበረው፣ ፋብሪካው ዲፈረንሻሉን ገልብጦ ይገጥመው ነበር። አንዳንድ ሰዎች ማርሹን አውጥተው ተራ አክስል ሲገጥሙና ዲፈረንሻሉን መመለስ ሲረሱ፣ አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያላት መኪና ባለቤት ሆነው ተገኝተዋል። ዛሬ በነበረው አክስል ጫፍ ላይ በብሎን የሚታሰሩት ሳጥኖች ግን በላይኛውና በታችኛው ማርሽ መካከል ሌሎች አስተላላፊ ማርሾችን ስለሚጨምሩ አዟዟሩ አይለወጥም። አስተላላፊዎቹ ጎን ለጎን ሁለት ከሆኑ ደግሞ ጭነቱን ይካፈሉታል፤ የሚገዛ ሰው ካለ እንዲህ ያለውን ቢመርጥ ይሻላል እንላለን።

እስካሁን የተናገርነውን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ለምን ሁሉም መኪና ፖርታል አይኖረውም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ዋጋው ውድ ነው፤ ማርሾቹ ይጮኻሉ፣ ነዳጅም ይበላሉ። እኛን የሚያሳስበን ግን ይህ አይደለም።

የመኪናይቱን ክብደት ሁሉ በአንድ ነጥብ ላይ ተሰብስቦ እንገምተው። ነጥቡ ከመሬት 75 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ፣ የግራና የቀኝ ጎማዎች ርቀትም 150 ሳንቲሜትር ይሁን። የርቀቱ እኩሌታ 75 ስለ ሆነ፣ መኪናይቱ ቆማ ሳለች መሬቱን ወደ ጎን ብናዘነብለው የምትገለበጠው 45 ዲግሪ ላይ ነው። ፖርታል አስገብተን በ10 ሳንቲሜትር ስናነሣት ነጥቡ 85 ይሆናል፤ መገልበጫውም ወደ 41 ዲግሪ ይወርዳል። በዚያ ላይ የ5 ሳንቲሜትር ረዥም ሞላ ስንጨምር 40 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ነው። በእውነተኛ መንገድ ሞላው ወደ ዝቅተኛው ወገን ይታጠፋል፣ ሰዎቹ ይንሸራተታሉ፣ አንዱ ጎማ ድንጋይ ይወጣል፤ ከዚህም የተነሣ ከወረቀቱ እጅግ ባነሰ ማዘንበል መገልበጥ ይመጣል። በጣራ ላይ ሦስት ኩንታል ሲጫን ምን እንደሚሆን ሂሳብ የተማረ ሁሉ ራሱ ይሥራው።

መድኀኒቱ ማስፋት ነው። በብሎን የሚታሰሩት ሳጥኖች ጎማውን ወደ ውጭ ስለሚገፉት የጎማዎቹ ርቀት ይጨምራል። በምሳሌያችን 150 የነበረው 165 ቢሆን መገልበጫው እንደገና ወደ 44 ዲግሪ ይመለሳል። ስለዚህ ፖርታል ያስገባ ሰው በዚያው ላይ ረዥም ሞላ ጨምሮ ያገኘውን መልሶ ባያጠፋ መልካም ነው። እንዲያውም የፖርታል ትልቁ ጥቅም ሞላውን በነበረበት ቁመት ለመተው መቻሉ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ረዥም ሞላ ሲገባ ካርዳኑ ይጣመማል፣ የፍሬኑ ጎማ ቱቦ ይወጠራል፣ የፊት ጎማዎች አቀማመጥ ይበላሻል፤ በፖርታል ጊዜ ግን አክስሉና ሻንሲው አብረው ስለሚነሡ በመካከላቸው ያለው ሁሉ በነበረበት ይቈያል።

አሁን ወደ ሞላው ምርጫ እንግባ።

ሞላ ሥራው ሁለት ነው፤ መንገዱ ሲያነጥር የተሳፋሪውን ወገብ ማዳን፣ ደግሞም መሬቱ ሲጎረብጥ አራቱም ጎማ መሬት እንዲረግጥ ማድረግ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። አንድ ጎማ በአየር ላይ ከተንጠለጠለ ተራ ዲፈረንሻል ያላት መኪና ኀይሏን ለዚያ ለተንጠለጠለው ትሰጥና ትቆማለች። ባሌስትራ ሲጨመር የሚሆነውም ይህ ነው፤ መኪናይቱ ትደርቃለች፣ ጎማዎቿ እንደ አራት እግር ወንበር ይሆናሉ፣ ወለሉ ትንሽ ከጎረበጠ አንዱ እግር ከመሬት ይለያል።

ልስላሴን በቍጥር መለካት ይቻላል። ከኋላ ባንድ ጎማ በኩል ሞላው የሚሸከመው ባዶ ስትሆን 400 ኪሎ፣ ስትጫን 700 ኪሎ የሆነች መኪና እንውሰድ። ለአንድ ሳንቲሜትር 40 ኪሎ የሚፈልግ ሞላ ብናስገባ፣ ባዶዋን 10 ሳንቲሜትር፣ ተጭና 17 ተኩል ሳንቲሜትር ይጎብጣል። ባዶዋን በደቂቃ 95 ጊዜ ያህል፣ ተጭና 71 ጊዜ ያህል ትወዛወዛለች። ከ60 እስከ 90 ያለው ውዝዋዜ ሰውን አያደክምም። ሞላውን እጥፍ አድርቀን 80 ኪሎ ብናደርገው መጎብጡ 5 እና ከ9 ያነሰ ይሆናል፤ ውዝዋዜው ግን ባዶዋን 134፣ ተጭና 101 ይደርሳል። እንዲህ ባለች መኪና በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት የወሰደ ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቀዋል።

«ለስላሳው ሞላ ሲጫን 7 ሳንቲሜትር ተኩል ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ መሬት አትነካምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ፖርታልና ሞላን አንድ ላይ የምናነሣበት ዋናው ምክንያት ነው። በሙሉ አክስል ላይ ሞላው ሲጎብጥ የሚወርደው ሻንሲው ነው፤ ዲፈረንሻሉ ከመሬት ያለው ርቀት ባዶም ሆነ ጭነት ያው ነው። ከፍታውን ፖርታሉ ስለሚጠብቀው ሞላው እንዲለሰልስ ልንፈቅድለት እንችላለን። እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት አሠራር ግን ከዚህ ይለያል። የአሜሪካው ሃምቪ ከመሬት 40 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ ነው፤ በየጎማው የማርሽ ሳጥን አለው፤ ዲፈረንሻሉ ግን በሻንሲው ላይ የታሰረ ስለ ሆነ ሲጫንና ሞላው ሲጎብጥ አብሮ ይወርዳል። በፍጥነት ለሚሄድ ሰው ይህ አሠራር የተሻለ ነው። ኩንታል ለሚጭን ግን ሙሉ አክስልን እንመርጣለን።

ፖርታል ያለው አክስል ከባድ ነው፤ ይህም ሞላ የማይሸከመው፣ ከጎማው ጋራ የሚዘል ክብደት ነው። ማጭድ የመሰለ መስመር በሠራ የጠጠር መንገድ ላይ ከባዱ አክስል እንደ መዶሻ ይመታል። ስለዚህ ንረቱን የሚያበርደው አሞርዛተር ከቀድሞው የጠነከረ፣ ሙቀትንም የሚችል መሆን አለበት። አሮጌውን አሞርዛተር እንዳለ መተው ሳጥኑ የወጣበትን ገንዘብ ሁሉ ማባከን ነው።

ባሌስትራ የምንተው ከሆነ ደግሞ ስለ ፍሬን እናስብ። ፍሬን ሲያዝ መሬቱ ጎማውን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ያ ጕተታ አክስሉን ለማዞር ይሞክራል። አክስሉ ከመሬት 40 ሳንቲሜትር የነበረው 50 ሲሆን ባሌስትራውን የሚጠመዝዘው ኀይል በሩብ ይጨምራል። ቀጭን ባሌስትራ እንደ ኤስ ፊደል ይጣመማል። ኡኒሞግን የሠሩት ሰዎች ይህን አውቀው ከመጀመሪያው በጥቅል ሞላ ላይ አስቀመጡት፤ ጠመዘዛውንም የካርዳኑ ዘንግ በውስጡ የሚያልፍበት ወፍራም ቱቦ እንዲሸከመው አደረጉ። ሞላው ክብደት ብቻ ይሸከማል፤ ጠምዛዛውን ሌላ ብረት ይይዘዋል። እንደዚህ ያለ ሥራ በጋራዥ ለመሥራት ቢያስቸግርም፣ ከአክስሉ ወደ ሻንሲው የሚሄዱ ጠንካራ የብረት ክንዶች ማሰር ይቻላል።

እንግዲህ በምሳሌያችን ላለችው መኪና የምንመርጠው፣ ከፊት በክንዶች የተያዘ ለስላሳ ጥቅል ሞላና መኪናይቱ ወደ ጎን እንዳትጋደል የሚይዝ ዘንግ፤ ከኋላ ደግሞ ባዶዋን በጥቂት ቅጠሎች የምትሄድ፣ ስትጫን ብቻ ረዳቱ ቅጠል የሚነካበት ባሌስትራ ነው። በቁመት በኩል ግን ከፋብሪካው አንዲት ሳንቲሜትር አንጨምርም። ምናልባት ሌላ ጋራዥ በዚህ አይስማማ ይሆናል።

ለሚመጡት ባለመኪናዎች ሁሉ ፖርታል እናስገባለን ማለታችንም አይደለም። ለብዙዎቹ «ጋሼ፣ ለእርስዎ መንገድ ይህ አያስፈልግዎትም፤ ደህና ጎማ ያድርጉ፣ ጭቃ ሲገቡ ነፋሱን ቀነስ አድርገው ሲወጡ መልሰው ይንፉት፣ የጨመሩትንም ባሌስትራ እናውጣልዎት» ብንላቸው ገንዘባቸውንም ሕይወታቸውንም እናድንላቸዋለን። በየዕለቱ ቦይ በበዛበት ጭቃና ድንጋይ በበዛበት ወንዝ የሚያልፍ ሰው ግን ሌላ ነው።

ለእንዲህ ያለው ሰው ሲሠራ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይገባል። አስቀድሞ የሚመለከተውን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያሻል፤ ለዓመቱ ምርመራ ስትቀርብ የተለወጠች መኪና እንዳትመለስ። ከዚያ መኪናይቱን ባዶዋንም ተጭናም በሚዛን ማስመዘን ነው፤ ክብደቷን የማያውቅ ሰው ሞላ ሊመርጥ አይችልም። ሳጥኖቹ ከታሰሩ በኋላ ጎማውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያጠመዘዙ፣ አክስሉንም ባንድ ወገን በክሪክ እያነሡ፣ ቱቦ የሚወጠርበት ወይም ብረት ከብረት የሚጋጭበት ቦታ መኖሩን መፈለግ ነው። ይህ ሳይደረግ መንገድ መውጣት አይገባም።

ስለ ወንዝ አንድ ነገር ይቀረናል። የማርሹ ሳጥን እጎማው እምብርት ዘንድ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ውሃ አስቀድሞ የሚያገኘው እርሱን ነው። ሲሄድ የጋለ ሳጥን ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኰማተርና በዘይት መያዣው ጎማ፣ በፓራሊዮው በኩል ውሃ ይስባል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሳጥን መተንፈሻ በቀጭን ቱቦ ተቀጥሎ እስከ ሞተሩ መከለያ ከፍ ማለት አለበት። ከወንዝ መልስ የዘይቱን ቡሽ ከፍቶ ማየት ነው፤ ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቷል፤ ያን ጊዜ ሳያድር ይለወጣል። አዲስ ሳጥንም ቢሆን በመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ዘይቱ ወጥቶ በነጭ ጨርቅ ላይ ይታያል፤ ጥቂት የብረት ብናኝ የማርሹ መላመድ ነው፣ ስባሪ ከተገኘ ግን ሳጥኑ ይፈታል። ብሎኖቹም በዚያው ቀን በልኩ እንደገና ይጠበቃሉ።

ሳጥኑን ከእንጨት በእውነተኛው መጠን ሠርተነዋል፤ በወርክሾፑ በር አጠገብ ተቀምጧል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ መጥታችሁ በእጃችሁ ማዞር ትችላላችሁ፤ የላይኛው ማርሽ ስድስት ጊዜ ሲዞር የታችኛው አምስት ጊዜ ይዞራል።